አንድ ናችሁ ወይስ ሁለት? የካቶሊክ ሆስፒታሎች ድርድርና የአሜሪካ የውድድር ሕግ

ሁለት ነጋዴዎች ማታ ተገናኝተው «ከነገ ጀምሮ በርበሬን ከዚህ ዋጋ በታች እንዳንሸጥ» ቢባባሉ ሕግ ይይዛቸዋል። ይህን ለማስረዳት ብዙ ቀለም ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ዘንቢል አንጠልጥሎ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ከሁለቱ ሻጮች አንደኛዋ መነኩሲት ብትሆንስ? የምትሸጠውም በርበሬ ሳይሆን የሕመምተኛ አልጋ ቢሆን? ትርፍ የሚካፈል ባለአክሲዮንም ባይኖራት? እ.ኤ.አ. በ2000 በኒውዮርክ ያስቻለ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ ልዩነት የለውም አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ነገሩ የሕግ ተማሪዎች ጉዳይ ነው፣ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ሰው ምን ይፈይድለታል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ከላይብረሪ ወንበር ላይ እንዳልነሣ ያደረገኝ ሕጉ ራሱ አይደለም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የአሜሪካ የፀረ-ሞኖፖል ሕግ በአንድ ላይ ሊደራደሩ ለሚመጡ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያቀርበው ጥያቄ «አንድ ናችሁ ወይስ ሁለት?» የሚል ነው። አንድ ከሆኑ እንደልባቸው ዋጋ ይጠራሉ። ሁለት ሆነው በአንድ አፍ ከተናገሩ ግን ወንጀል እስከመሆን ይደርሳል። ለሲሚንቶ ፋብሪካ መልሱ ቀላል ነው፤ አንዱ አንዱን ይገዛና አንድ ይሆናሉ። ለካቶሊክ ሆስፒታል ግን ይህ ጥያቄ ከገንዘብ አልፎ እምነት ውስጥ ይገባል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ አከፋፈሉን እንይ። እኛ ዘንድ የማኅበረሰብ ጤና መድን እየተስፋፋ ቢመጣም ካርድ ክፍል ፊት ተሰልፎ፣ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ይዞ መግባት ለአብዛኞቻችን የታወቀ ነው። በአሜሪካ ግን ሕመምተኛው ሙሉውን ዋጋ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለው አልፎ አልፎ ነው። ሽማግሌዎችን መንግሥት ሜዲኬር በሚባለው መድን ይሸፍናል፤ ድሆችን ደግሞ ሜዲኬድ። የቀረው አብዛኛው ሠራተኛ በአሠሪው በኩል በግል የኢንሹራንስ ኩባንያ ተመዝግቦ ይኖራል። መንግሥት ዋጋውን ራሱ ቆርጦ ስለሚከፍል ከእርሱ ጋር ክርክር የለም። ክርክሩ ከግል ኢንሹራንሶች ጋር ነው። ኩባንያው ወደ ሆስፒታሉ ይመጣና «ለአንድ ቀን አልጋ ይህን ያህል እከፍልሃለሁ፣ አይሆንም ካልህ ደንበኞቼን ወደ ጎረቤትህ እልካለሁ» ይላል። ከተማው ውስጥ ያሉት ሆስፒታሎች ሁለት ብቻ ከሆኑ የኩባንያው ጉልበት ያለው አንዱን በሌላው በማስፈራራት ላይ ነው። ታዲያ ሁለቱ ሆስፒታሎች «ለምን በአንድነት አንነጋገርም?» ቢሉ ምን ያስገርማል?

ይህን የሚከለክለው ሕግ የሸርማን ሕግ ይባላል፤ የወጣው በ1890 ነው። የታሰበው እንደ ስታንዳርድ ኦይል ያሉትን ግዙፍ ከበርቴዎች ለመቆጣጠር ነበር። ንግድን የሚያግድ ማናቸውም ውልና ማናቸውም ሤራ ሕገ ወጥ ነው ይላል። ቃሉ ሰፊ ስለነበር መረቡ ያልታሰበውን ዓሣ ያዘ። በ1894 በፑልማን የባቡር ሠራተኞች አድማ ጊዜ መንግሥት አድማውን ለማስቆም የፍርድ ቤት ማገጃ ያወጣው በከፊል በዚሁ ሕግ ተመርኩዞ ነው፤ መሪው ዩጂን ዴብስም እስር ቤት ገባ። በ1908 ደግሞ የዳንበሪ ባርኔጣ ሠሪዎች ማኅበር የአንድ ፋብሪካ ዕቃ እንዳይገዛ በማስተባበሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሸርማንን ሕግ ጥሳችኋል አላቸው፤ የተራ ሠራተኞች ቤትና የባንክ ቁጠባ ሳይቀር ለካሳው ተይዞ ነበር። ለጅብ የተጠመደው ወጥመድ በጉን ያዘ ማለት ነው።

ሠራተኛው ከዚህ ወጥመድ የወጣው ቀስ በቀስ ነው። የ1914ቱ የክሌይተን ሕግ የሰው ልጅ ጉልበት የንግድ ሸቀጥ አይደለም ብሎ ደነገገ። በ1935 ደግሞ ሠራተኞች በማኅበራቸው አማካይነት ከአሠሪያቸው ጋር የኅብረት ድርድር የማድረግ መብታቸው በአዋጅ ተረጋገጠ። እንግዲህ «የኅብረት ድርድር» የሚለው ቃል በአሜሪካ ሕግ የተከበረ መቀመጫ ያገኘው በሠራተኛ ደም ነው። ሆስፒታል ግን ሠራተኛ አይደለም፤ ድርጅት ነው፣ አሠሪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1947 የወጣው የታፍት-ሃርትሊ ሕግ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎችን ከዚያ የሠራተኛ አዋጅ ነፃ አድርጓቸው ነበር። እስከ 1974 ድረስ፣ ማለት ለ27 ዓመታት፣ በእነዚህ ሆስፒታሎች ውስጥ ወለል የሚጠርገው፣ አንሶላ የሚያጥበውና መርፌ የምትወጋው ነርስ ከአሠሪያቸው ጋር በኅብረት የመደራደር የፌዴራል መብት አልነበራቸውም። ከነዚህ ሆስፒታሎች ውስጥ የካቶሊኮቹ ቁጥራቸው ቀላል አልነበረም። ያኔ የነርሷ ኅብረት ለበጎ አድራጎት ሥራ አይስማማም ሲባል ቆይቶ፣ በኋላ ሆስፒታሎቹ ራሳቸው በኅብረት ካልተደራደርን እንጠፋለን ማለታቸው ቅራኔ አይደለም ወይ? ነው እንጂ! ቢሆንም የአንዱ ኃጢአት የሌላውን እውነት አይሰርዝምና ታሪኩን እንቀጥል።

ሐኪሞች ከሸርማን ሕግ ጋር የተጋጩት ቀደም ብለው ነው። በ1937 ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ የአንድ መንግሥታዊ የቤት ብድር ድርጅት ሠራተኞች ተሰባስበው ግሩፕ ኸልዝ የሚባል የሕክምና ማኅበር አቋቋሙ፤ በየወሩ እያዋጡ በደመወዝ የተቀጠሩ ሐኪሞች ያክሟቸዋል። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር ይህን እንደ ሥጋት አየው። ለዚያ ማኅበር የሚሠራ ሐኪም ከሙያ ማኅበሩ እንዲባረርና የሆስፒታል በር እንዲዘጋበት አደረገ። መንግሥት ከሰሰ፤ በ1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነቱን አጸና። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ሕጉ የቆመው ለጸሐፊዎችና ለተላላኪዎች መረዳጃ ማኅበር ነው። የሐኪም ካባ የለበሰ ሁሉ ለሕመምተኛ ያስባል ማለት እንዳልሆነ ፍርድ ቤቶቹ ከዚህ ጉዳይ ተምረዋል፤ ትምህርቱም አልተረሳም። በ1982 በአሪዞና የማሪኮፓ ወረዳ ሐኪሞች የዋጋ ጣሪያ አብረው በመወሰናቸው፣ ጣሪያ ነው፣ ወለል እንኳ አይደለም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ4 ለ3 ድምፅ የዋጋ ስምምነት ምክንያቱ ሳይጠየቅ በራሱ ሕገ ወጥ ነው አለ። ሕክምና ስለሆነ የሚደረግ ልዩ አስተያየት የለም።

አሁን ወደ ፖኪፕሲ እንሂድ። ፖኪፕሲ ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን፣ ሀድሰን ወንዝ ዳር ያለች መካከለኛ ከተማ ናት። በከተማዋ ሁለት ጠቅላላ ሆስፒታሎች ነበሩ። አንደኛው ቫሳር ብራዘርስ በ1887 የተከፈተ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከሁለት ሀብታም ወንድማማቾች ነው፤ አጎታቸው ማቲው ቫሳር በቢራ ጠመቃ የበለጸገና በ1861 የሴቶች ኮሌጅ ያቋቋመ ሰው ነው። ሁለተኛው ሴንት ፍራንሲስ በ1914 በፍራንሲስካውያን ደናግል፣ እኛ ሲስተሮች በምንላቸው፣ የተመሠረተ ነው። አንዱ ከቢራ ገንዘብ፣ ሌላው ከምንኩስና ስእለት ተወልደው በአንድ ከተማ ጎን ለጎን አረጁ።

በ1992 ሁለቱ ሆስፒታሎች ከስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት ፈቃድ አግኝተው ሚድ-ሀድሰን ኸልዝ የሚባል የጋራ ድርጅት አቋቋሙ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ውድ የሕክምና መሣሪያ በአንድ ከተማ ሁለት ጊዜ ከሚገዛ በጋራ ይገዛ፤ አንዱ ያለውን ሌላው አይድገመው። የጤና መሥሪያ ቤቱም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ያን ጊዜ በኒውዮርክ አብዛኛውን የሆስፒታል ዋጋ የሚወስነው ስቴቱ ስለነበር በዋጋ መወዳደር እምብዛም አልነበረም። ሥርዐቱ ግን በ1996 መጨረሻ ተሻረ። ከጃንዋሪ 1997 ጀምሮ እያንዳንዱ ሆስፒታል ከእያንዳንዱ ኢንሹራንስ ጋር ተፋጥጦ ዋጋውን እንዲደራደር ተባለ። ትናንት «ተባበሩ» ያለ መንግሥት ዛሬ «ተፎካከሩ» አለ። ሁለቱ ሆስፒታሎች ግን በትናንቱ ጎዳና ቀጠሉ፤ በጋራ ድርጅታቸው አማካይነት ከኢንሹራንሶች ጋር በአንድ አፍ ተደራደሩ፣ የሕክምና ዓይነቶችንም «ይህ ያንተ፣ ያ የእኔ» ብለው ተከፋፈሉ።

የስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ በ1998 ከሰሳቸው። ፈቃድ የሰጠው ያው ኒውዮርክ፣ ከሳሹም ያው ኒውዮርክ መሆኑን አንባቢ ያስተውል! ተከሳሾቹ ሦስት መከላከያ አቀረቡ። እኛ ለትርፍ የቆምን አይደለንም አሉ። የጤና መሥሪያ ቤቱ ፈቅዶልናል አሉ። መተባበራችን ወጪ ቆጥቧል፣ አዲስ አገልግሎትም ለከተማው አምጥቷል አሉ። ፍርድ ቤቱ በ2000 በሰጠው ውሳኔ ሦስቱንም ሳይቀበል ቀረ። የዋጋ ስምምነትና የገበያ ቅርምት የሚፈረጁት በራሳቸው ሕገ ወጥ ከሆኑት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በጎ ምክንያት አይመረመርም። የስቴት ፈቃድም ከለላ የሚሆነው ስቴቱ ጉዳዩን በግልጽ ሲያዝዝና በየጊዜው ሲቆጣጠር ብቻ ነው። ይህ መመዘኛ በ1943 ስለ ካሊፎርኒያ ዘቢብ ገበሬዎች ከተሰጠ ፍርድ የመጣ ነው። የጤና መሥሪያ ቤቱ መሣሪያ በጋራ ግዙ አለ እንጂ ዋጋ በጋራ ጥሩ አላለም፤ ዋጋውንም አልተቆጣጠረም።

እንደ ሕግ ስናየው ውሳኔው የሚነቀፍ አይመስለኝም። ሁለት ሆስፒታል ብቻ ባለበት ከተማ ሁለቱ በአንድ አፍ ሲናገሩ ኢንሹራንሱ «ወደ ጎረቤት እሄዳለሁ» የሚልበት ጎረቤት የለውም። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ጭማሪ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚወጣው ከባለፋብሪካ ኪስ አይደለም፤ የሠራተኛው መዋጮ ላይ ይደመራል፣ ከደመወዝ ጭማሪው ላይ ይቀነሳል። የፖኪፕሲ አናጢ ወይም አስተማሪ ነው የሚከፍለው። «እኛ እኮ በጎ አድራጊዎች ነን» ማለት የአናጢውን ሒሳብ አያቃልልለትም። ይህን ሳያነሡ የደናግሉን ዕንባ ብቻ መጻፍ ታሪክ ሳይሆን ድራማ ይሆናል።

ነገር ግን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠውንም ማየት ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በ1945 በወጣው የማካረን-ፈርጉሰን ሕግ ከፀረ-ሞኖፖል ሕጉ በከፊል ነፃ ተደርገው ነበር፤ ስቴቶች ይቆጣጠሯቸዋል በሚል። እርግጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 ይህ ነፃነት ኩባንያዎች ከሕክምና ሰጪዎች ጋር የሚያደርጉትን ውል አይሸፍንም ብሎ አጥብቦታል። ቢሆንም ለጤና ኢንሹራንስ ልዩ መብቱ የተነሣው ገና በ2021 ነው። 76 ዓመት ሙሉ ከሁለቱ ተደራዳሪዎች አንደኛው በሕግ ፊት ጥላ ይዞ ቆሞ ሌላው ፀሐይ ላይ ነበር። ደግሞም ኢንሹራንሶቹ እርስ በርስ እየተዋዋጡ ገዝፈዋል። አሥር ኩባንያ የነበረው ሦስት ሲሆን ያ ሦስት ኩባንያ «አንድ አካል» ነው፤ በአንድ አፍ ቢናገር ማን ይከሰዋል?

መንግሥት የሆስፒታሎቹንና የሐኪሞቹን ጭንቀት ጭራሽ አልሰማም ማለት አይቻልም። የፍትሕ ሚኒስቴሩና የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በ1993 አውጥተው በ1994ና በ1996 ባሻሻሉት መመሪያ «የመልእክተኛ ዘዴ» የሚሉትን ፈቀዱ። አንድ መልእክተኛ ከኢንሹራንሱ ዋጋ ይዞ ወደ እያንዳንዱ ሐኪም ወይም ሆስፒታል ይሄዳል፤ የእያንዳንዱን መልስ ለየብቻ ይዞ ይመለሳል። ነገር ግን ምክር መስጠት፣ የአንዱን መልስ ለሌላው መንገር፣ «ይሄ ዋጋ ያንሳል» ማለት ክልክል ነው። ሚስት ሊያጭ የተላከ ሽማግሌ ስለ ልጁ ጠባይ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ፣ ጥሎሽ እንዳይከራከር፣ ተቀብሎ ብቻ እንዲመለስ እንደማዘዝ ያለ ነው። ኧረ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ማን ቤት ይገባል! በተግባርም ብዙ መልእክተኞች አፋቸውን መያዝ እያቃታቸው ተከስሰዋል። መመሪያዎቹ ራሳቸው በ2023 ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው ተብለው ተሽረዋል፤ ስለዚህ ዛሬ ያ ጠባብ ቀዳዳ እንኳ የተጻፈ ዋስትና የለውም።

ታዲያ ለምን አይዋሃዱም? አንድ ከሆኑ እኮ ነገሩ አለቀ። ለማናቸውም ሁለት ሆስፒታሎች ውህደቱ ራሱ ውድድርን ይጎዳል ተብሎ ካልታገደ በቀር መንገዱ ክፍት ነው። የካቶሊክ ሆስፒታል ግን የአሜሪካ ጳጳሳት ጉባኤ በ1971 ባጸደቀውና ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ባሻሻለው የሥነ ምግባርና የሃይማኖት መመሪያ ይገዛል። ማስወረድ የለም። የማሕፀን ቱቦ ማስቋጠር የለም። የወሊድ መከላከያ አገልግሎት የለም። ይህን ከማያደርግ ሆስፒታል ጋር የሚያደርግ ሆስፒታል አንድ አካል ሲሆኑ የማን መመሪያ ይጽና? ደናግሉ መመሪያቸውን ቢተዉ ሆስፒታሉ ካቶሊክ መሆኑ ያበቃል። ሌላው ሆስፒታል ቢቀበል ደግሞ የከተማው ሴቶች ትናንት ያገኙት የነበረውን ሕክምና ያጣሉ።

ይህ በሐሳብ የተፈጠረ ችግር አይደለም። ከፖኪፕሲ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በዚያው በሀድሰን ሸለቆ፣ ኪንግስተን የምትባል ከተማ አለች። እዚያም ሁለት ሆስፒታሎች ነበሩ፤ ቤነዲክቲን የካቶሊክ፣ ኪንግስተን ሆስፒታል የማንም ሃይማኖት ያልሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከወንዙ ማዶ ካለው ኖርዘርን ደችስ ሆስፒታል ጋር ሆነው ሦስቱ ለመዋሃድ ተነሡ። በውሉ መሠረት ካቶሊክ ያልሆኑትም በመመሪያው ሊተዳደሩ ሆነ። ነዋሪው ተነሣ፤ ሴቶች ተነሡ፤ ክርክሩ ጋለ፤ በ1998 ዕቅዱ ፈረሰ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ የስቴቱ ኮሚሽን ሁለቱ የኪንግስተን ሆስፒታሎች በአንድ አስተዳደር ሥር እንዲሆኑ መከረ፤ በ2008ም ሆኑ። የተገኘው ዘዴ የሚገርም ነው። መመሪያው የሚከለክላቸው ሕክምናዎች ከሆስፒታሉ ወጥተው በኪንግስተን ሆስፒታል የመኪና ማቆሚያ ላይ በተሠራ ለብቻው በሚተዳደር ክሊኒክ ውስጥ እንዲሰጡ ተደረገ። ለኢንሹራንሱ አንድ፣ ለእግዚአብሔር ሁለት!

ትልልቆቹ ግን ከማያምን ጋር ከመጋባት ይልቅ እርስ በርስ መጋባትን መረጡ። በየገዳማቱ የነበሩት ሆስፒታሎች ወደ ክፍለ ሀገር ማኅበር፣ ማኅበራቱ ወደ አገር አቀፍ ድርጅት ተጠቀለሉ። በ2019 ካቶሊክ ኸልዝ ኢኒሺየቲቭስ ከዲግኒቲ ኸልዝ ጋር ተዋሕዶ ኮመንስፒሪት የሚባል ድርጅት ተፈጠረ፤ በ21 ስቴቶች ውስጥ ከ140 በላይ ሆስፒታሎች ይዞ ነበር። ይህ ግዙፍ አካል በሕግ ፊት «አንድ» ነው። ፖኪፕሲ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ዋጋ መጥራታቸው ሕገ ወጥ ሲሆን፣ ከመቶ በላይ ሆስፒታሎች በአንድ ቢሮ በኩል መደራደራቸው ሕጋዊ ነው። ውድድርን ለማስፋት የወጣ ሕግ ትንንሾቹ ተለያይተው እንዲቀጥሉ ሳይሆን ተውጠው እንዲጠፉ ሲገፋ፣ ሕጉ የማንን ዓላማ ፈጸመ ብሎ መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ።

ሌላ መንገድ እንደነበረ ለማየት ወደ አውስትራሊያ ማለት ነው፤ እዚያም የካቶሊክ ሆስፒታሎች ታሪክ ረዥም ነው። የበጎ አድራጎት ደናግል ሲድኒ የደረሱት በ1838፣ ሴንት ቪንሰንትስ ሆስፒታልን የከፈቱት በ1857 ነው። የአውስትራሊያ የንግድ ሕግ፣ የ1974ቱ፣ የዋጋ ስምምነትን ይከለክላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ፈቃድ የመጠየቂያ በር አለው። አብረን መደራደር እንፈልጋለን የሚሉ ለውድድር ኮሚሽኑ ያመለክታሉ፤ ኮሚሽኑ ተቃዋሚውንም ሰምቶ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ከጉዳቱ ይበልጣል ወይ ብሎ ይመዝናል። ከፈቀደ አብዛኛውን ጊዜ ለተወሰኑ ዓመታት ነው። የካቶሊክ ሆስፒታሎችም ከጤና ኢንሹራንሶች ጋር አብረው ለመደራደር በዚህ በር አንኳኩተዋል። እዚያ ጥያቄው «አንድ ናችሁ ወይስ ሁለት?» አይደለም፤ «ሁለት ሆናችሁ ብትተባበሩ ማን ይጠቀማል?» ነው። ፍጹም ነው አልልም። ለምሳሌ በ2015 በካቶሊክ ደናግል የተመሠረተው ካልቫሪ የሚባለው የሆስፒታሎች ድርጅት ከአገሪቱ ትልቁ ኢንሹራንስ ከሜዲባንክ ጋር ለብቻው ተፋጥጦ ነበር። ሜዲባንክ 165 የሕክምና ስሕተቶችንና ጉዳቶችን ዘርዝሮ እነዚህ ከደረሱ አልከፍልም አለ፤ ውሉ ሊቋረጥ ጥቂት ሲቀረው ተስማሙ። ግን ቢያንስ መዛኙ ፊት ቀርቦ «እንዲህ ያለ ችግር አለብን» ለማለት ዕድል አለ። የፖኪፕሲዎቹ ይህን ያሉት ከተከሰሱ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ምክንያት አይሰማም ተባሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሴንት ፍራንሲስ ከፍርዱ በኋላ ለብቻው 13 ዓመት ኖረ። ፍርዱ ገደለው አልልም፤ አንድ ሆስፒታል በብዙ ምክንያት ይከስራል። በዲሴምበር 2013 ኪሳራ አወጀ። ለመግዛት ቀድሞ የቀረበው ማን ነበር? የቫሳር ብራዘርስ ባለቤት የሆነው ድርጅት፣ ኸልዝ ኩዌስት። በ1990ዎቹ አብረው ዋጋ ሲጠሩ የተከሰሱት ጎረቤታሞች በመጨረሻ በጨረታ አዳራሽ ሊገናኙ ነው። ጨረታውን ያሸነፈው ግን ሌላ ትልቅ ሆስፒታል፣ ዌስትቸስተር ሜዲካል ሴንተር ሆነ። በሜይ 2014 ስሙ ተለውጦ ሚድሀድሰን ሪጅናል ተባለ። ደናግሉ በ1914 የተከሉት ሆስፒታል ልክ በመቶ ዓመቱ የቅዱሱን ስም አጣ።

በኦሃዮ ዴይተን ከተማ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ መጣ። በ1932 በበጎ አድራጎት ደናግል የተከፈተው ጉድ ሳማሪታን ሆስፒታል በ1995 ከካቶሊክ ካልሆነው ከማያሚ ቫሊ ሆስፒታል ጋር ፕሪሚየር የሚባል የጋራ አስተዳደር አቋቋመ። ንብረቱ የየራሳቸው፣ ድርድሩና ገቢው የጋራ። በኋላ ሌሎችም ተጨመሩ። ኤልሳቤጥ ፕሌስ የሚባል በሐኪሞች የተያዘ 26 አልጋ ያለው ሆስፒታል በ2012 ከሰሳቸው፤ ኢንሹራንሶች ከእኔ ጋር እንዳይዋዋሉ አድርገዋል ሲል። እነርሱም «እኛ አንድ ነን፣ ሰው ከራሱ ጋር አያሤርም» ብለው ተከራከሩ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ2014 እውነት ነው፣ አንድ ናችሁ አላቸው። ይግባኝ ሰሚው በ2016፣ በ2 ለ1 ድምፅ፣ የለም፣ ንብረታችሁን ለየብቻ ይዛችሁ ሁለትም ከሁለትም በላይም ልትሆኑ ትችላላችሁ አለ። ጉዳዩ ተመልሶ ወረደ፤ እንደገና ወጣ። በ2019 ይግባኝ ሰሚው ፕሪሚየርን በሌላ ምክንያት አሸናፊ አደረገው፤ ትብብሩ በራሱ ሕገ ወጥ ከሚባለው ክፍል አይገባምና በሚዛን መታየት ነበረበት፤ ከሳሽ በዚያ ሚዛን አልተከራከረም ሲል። ጉድ ሳማሪታን ግን ያን ፍርድ አልሰማም። ባለቤቶቹ በከተማዋ ባዶ አልጋ በዝቷል ብለው በጁላይ 2018 ዘግተውት ነበር።